ኖላዊ አንደኛ ቤዝ ላይ

ስሚኝማ የኔ ማር፣ ይሄን ላንቺ ካልነገርኩሽ አያስችለኝም። ቅዳሜ ከሰዓት ነው፣ ለንደን፣ ቶተንሃም፣ ዝናቡ ገና ማባራቱ። እኔ የቤዝቦል ግጥሚያው ነጥብ መዝጋቢ ነበርኩ። ኖላዊ አንደኛ ቤዝ አጠገብ በደረቱ ተኝቷል፣ አንገቱ ተሰብሮ። ሃያ ዓመቱ ነበር።

ቤዝቦል ላይ ሯጩ ከቤዙ፣ ከሚረግጠው ነጭ ትራስ፣ ትንሽ ሲርቅ ወርዋሪው ድንገት ወደዚያ ይወረውራል። ሯጩም ኳሱ ሳይቀድመው እጁን ዘርግቶ በደረቱ ተንሸራቶ ይመለሳል። ኖላዊ ተንሸራተተ። የቤዙ ጠባቂ የሲላስ ጉልበት አንገቱ ላይ አረፈ። ሁሉም አክሲደንት ነው አሉ።

ግን በማግስቱ የብሔራዊ ቡድኑ መራጭ ሊመጣ ነበር። የቀረችው አንድ ቦታ ናት፣ ወይ ለኖላዊ ወይ ለሲላስ። ዳኛው ደግሞ ማን መሰለሽ? የሲላስ አባት፣ ጋሽ ሰይፈሥላሴ። ሌላ ዳኛ ስለጠፋ ነው።

ዲቴክቲቭ ኂሩት ማንም ልብሱን ሳይቀይር ደረሰች። የዊልስደን ልጅ ናት፣ ራሷም ስድስት ዓመት ቤዝቦል ዳኝታለች።

«ኳሱን ወረወርከው?» አለችው ወርዋሪውን፣ ጀሚልን።

«አዎ። ሲላስ ሳተው፣ ሳሩ ላይ ተንከባሎ አጥሩ ጋ ሄደ። ሄጄ አመጣሁት።»

ኳሱን ከጓንቱ አወጣች፣ አገላብጣ አየችውና ፕላስቲክ ውስጥ ከተተችው።

ሲላስ ሳንድዊች እየበላ ነው፣ አስቢው።

«ኳሱን ልይዝ በርከክ ስል መጣብኝ።»

«አንገቱ ሲሰበር ሰማህ?»

«እንደ ድንች ክሪስፕስ ነው ያለው» አለና አላመጠ።

አባትየው ቀጠሉ። «ኳሱ እየመጣለት ስለነበር ልጄ መንገዱን መዝጋት ይችላል። ከሦስት ሜትር አይቻለሁ።»

«ኳሱን መቼ ቀየሩት?»

«ልክ ከዚያ በፊት። አሮጌው ጭቃ ሆኖ ነበር፣ አዲስ ሰጠሁት።»

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ሰበሰበችን።

«ሜዳው ሁሉ ሳር ነው። ካልሲዬ ሳይቀር ረጥቧል። እስከ አጥሩ የተንከባለለ ኳስ እንዴት ደረቅና ነጭ ይሆናል? ኳሱ ከጀሚል እጅ አልወጣም። የሚወረውር አስመሰለ፣ ኖላዊ ደንግጦ ተንሸራተተ፣ የእናንተም ዓይን እሱ ላይ ነበር። ሲላስ ኳስ አልነበረም የሚጠብቀው። አንገቱን ነው።»

ጀሚል መሬት መሬት እያየ «ሲላስ ጣቱን ብቻ እረግጠዋለሁ ነው ያለኝ» አለ። «ነገ እንዳይጫወት። ኮፍያዬን ስነካ አስመስል አለኝ።»

«ዝም በል፣ አንተ ፈሪ» አለ ሲላስ።

ኂሩት ወደ አባትየው ዞረች። «እርስዎ አይተዋል። ኳስ ሳይኖረው መንገድ ከዘጋ ምን ይባላል?»

«ልጄ እኮ ነው።»

«ይፍረዱ።»

እንደ ዳኛ እጃቸውን አነሱ። «ኦብስትራክሽን። ሯጩ ሁለተኛ ቤዝ ይሰጠዋል።»

«ያኔ ዝም ብለህልኝ፣ አሁን ምን ነካህ?» አለ ሲላስ አባቱን፣ ካቴናው ሲገባለት።

አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ለጓደኛዬ ለፍቅርተማርያም፣ ለኖላዊ እህት፣ ጋሽ ሰይፈሥላሴ የፈረዱትን እንዳለ ጻፍኩላት። የመለሰችልኝ ይሄንን ነው፦

«ታዲያ ይምጡና እስከ ሁለተኛ ቤዝ ተሸክመው ያድርሱት።»