አሮጌው ኮምፒውተርና የአባዬ «ግን»

ከብሎን ጋር የተዋወቅነው በጠብ ነው። ነገሩን ለማሳመር ብዬ አይደለም፤ የምር ጠብ ነበር።

የአባዬን ኮምፒውተር በአንሶላ ጠቅልዬ፣ እንደታመመ ሕፃን አቅፌ ጥገና ሱቁ ገባሁ። ማራገቢያው ሳምንቱን ሙሉ ሲያቃስት ሰንብቷል። ጠጋኙ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ፣ ሁለት ብሎን በከንፈሩ ነክሶ የሰው ማሽን ይፈታል። አንሶላውን ስገልጠው ብሎኖቹን ከአፉ አውጥቶ ሳቀ።

«እህት፣ ይሄ ጡረታ አልወጣም እንዴ?»

«ክፈተው፣ አቧራውን ጥረገው፣ ዝጋው። ሌላ ነገር እንዳትነካ።»

«ውስጡ ያለውን ሲስተም እኮ የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ረስተውታል። በግማሽ ቀን አዲስ ላድርግልሽ?»

«እናትህ ስታረጅ በአዲስ ትቀይራታለህ?»

ቀና ብሎ አየኝ። አየኝ ስል እጄን ነው ያየው፤ መስታወት ቆራጭ ስለሆንኩ ጣቶቼ ጭረት አያጡም።

«ማነው እንዲህ የቧጨረሽ?»

«እንጀራዬ።»

ሁለታችንም ሳቅን። አቧራውን ጠርጎ ሲጨርስ ግን እኔው ይዤልሽ ልምጣ ብሎ ድርቅ አለ። ይዞልኝ መጣ። እንዲህ አድርጎ ነው ቤታችን የገባው።

አባዬ አርባ ዓመት ማተሚያ ቤት ከእርሳስ ብረት የተቀረጸ ፊደል ከየሳጥኑ እየለቀመ ገጽ ሲደረድር የኖረ ሰው ነው። የዛሬ ስድስት ዓመት ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሰሰና ምላሱንም እግሩንም እጁንም ወሰደበት። የተረፈችው የቀኝ ሌባ ጣቱ ብቻ ናት። «ሌባ ስለሆነች አመለጠች» ብሎ ራሱ ቀልዶባታል።

ቀልዱን የነገረን በዚያ ኮምፒውተር ነው። አንድ የማተሚያ ቤት ጓደኛው፣ ኮምፒውተር ራሱን ያስተማረ ሰው፣ ፕሮግራም ሠራለት። ፊደሎቹን የደረደራቸው በ«ሀ ሁ» ቅደም ተከተል አይደለም፤ ማተሚያ ቤቱ ውስጥ በነበሩት የፊደል ሳጥኖች አቀማመጥ ነው። ማሽኑ «ጢጥ… ጢጥ… ጢጥ…» እያለ በየሳጥኑ ያልፋል፤ አባዬ የሚፈልገው ላይ ሲደርስ ጣቱ ሥር ያለችውን ቁልፍ ይጫናል። ቆይቶ ዓይኑም ሲከዳው ድምፁን እየቆጠረ መጻፉን ቀጠለ። የትኛው ፊደል የት ሳጥን ውስጥ እንዳለ ጣቱ ታውቀዋለች።

ጓደኛው ሞተ። ፕሮግራሙ በትክክል የሚሠራው እንደዚያ ባለ አሮጌ ሲስተም፣ እንደዚያ ባለ ቀርፋፋ ማሽን ብቻ ነበር።

ቤታችን ውስጥ አንድ ሕግ አለ። አባዬ ሲያወራ ቃሉን ማንም አይጨርስለትም። «ውሃ አም» ቢልና ዓለም በሙሉ ቢገባው እንኳ፣ «ጡልኝ» እስኪል ድረስ አብራን የምትኖረው አክስቴ ብርጭቆውን ይዛ ትቆማለች። «ምላሴን የወሰደው ይበቃል፤ ቃሌን እናንተ አትውሰዱ» ብሎናል። ያችን ለመጻፍ ከግማሽ ሰዓት በላይ ፈጅቶበታል።

ያን ቀን እንግዳው ኪሱ ውስጥ ያለውን ብረታ ብረት እያንኳኳ ወንበር ላይ ሲቀመጥ፣ አባዬ ሰማና መጻፍ ጀመረ። ጠበቅነው። ስክሪኑ ላይ ሦስት ፊደል ወጣ፦ «ብሎን»። እስክናነባ ሳቅን። ስሙም በዚያው ጸደቀ።

ብሎን በሳምንት ሁለቴ፣ ከዚያ ሦስቴ፣ ከዚያ በየቀኑ መጣ። አንዴ ማራገቢያውን ልየው ይላል፣ አንዴ ገመዱ ላልቷል ይላል። አክስቴ «ይሄ ኮምፒውተር ከእኔ ጉልበት የባሰ በሽተኛ ሆነ» እያለች ትስቃለች።

ሌላው ሰው የፍቅሩን ወሬ በመንገድና በዛፍ ጥላ ያወራል። እኛ የተፋቀርነው በመጠበቅ ነው። አባዬ አንዲት ቃል እስኪጨርስ በአልጋው ግራና ቀኝ ተቀምጠን፣ ቆጠራው እንዳይጠፋበት መናገር ስለማይቻል እንተያያለን። «ጢጥ… ጢጥ…» ይላል ማሽኑ። ዓይኑን ከዓይኔ ላይ አንስቶ መሬት ይጥላል፣ እንደገና ያነሳል። አንድ ቀን አባዬ ረጅም ነገር ሲጽፍ ቆየና ስናነበው «ጨርሻለሁ መተያየት ትችላላችሁ» ይላል። የምገባበት ጠፋኝ።

አንድ ነገር ላይ ብቻ አንስማማም ነበር።

«ሰው ለምን አሮጌውን ሙጭጭ እንደሚል አይገባኝም» ይላል ብሎን። «መድኃኒት ቤቱን ጠይቂው፣ ‹ለምጄዋለሁ› ይልሻል። የጥልፍ ሴትዮዋ ደግሞ የጥልፍ ማሽኔ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር አይነጋገርም ብላ ያን ቅርስ እየወለወለች ትኖራለች። ስንፍና ነው።»

«ወይም ሥራቸውን ያውቃሉ።»

«የአባባ ማሽን ግን አንድ ቀን ድርግም ይላል። ያኔስ?»

የምፈራው እሱኑ ነበር። እሱም መፍራቴን አየ። ክፋት አልነበረውም፤ ይህን ዛሬም እመሰክራለሁ። ፍርሃቴን ሊነቅልልኝ ፈልጎ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ መጣ። የሆነውን የነገረችኝ አክስቴ ናት። አልጋው አጠገብ ቁጭ ብሎ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ «አባባ፣ ልጅዎን ይስጡኝ» አለ። አባዬ ጊዜ ወሰደ። «ልጄን ሰጥቼሃለሁ» ብሎ ጻፈ። ብሎን ብድግ አለ። ማሽኑ ግን «ጢጥ» ማለቱን አላቆመም ነበርና አንድ ቃል ተጨመረ። «ግን»።

ብሎን ግንባሩን ሳመው።

«ኧረ ልጄ፣ አልጨረሰም!» አለችው አክስቴ።

«የቀረውን ለሠርጉ ይንገሩኝ!» ብሎ በደስታ እየበረረ ወጣ።

ሰዓት ሳይሞላ አዲስ ኮምፒውተር በክንዱ ይዞ ተመለሰ። ለካ ሲያዘጋጅልን ከርሞ ኖሯል። አክስቴ እኔ የማውቅ መስሏት ዝም አለች። ፕሮግራሙን ገለበጠ፤ አሮጌውን ነቀለ፤ በመንገድ ለሚያልፈው የአሮጌ ብረት ሰብሳቢ አስረከበው። «ገመዱን ሲነቅለው» አለችኝ አክስቴ ፊቷን አዙራ፣ «የአባትሽ ጣት ቁልፉን እየተጫነች ነበር።»

ከሥራ ስገባ ብሎን በር ላይ ቆሞ ይስቃል።

«ዓይንሽን ጨፍኚ!»

ዓይኔን ሳልጨፍን ድምፁን ሰማሁ። «ጢርርርርርር» ይላል። አዲሱ ማሽን ፈጣን ስለሆነ የጓደኛውን ፕሮግራም እየጋለበ ነው የሚያስሮጠው። አባዬ ይጫናል፤ የሚወጣው ዝባዝንኬ ነው። እንደገና ይጫናል። ዓይኑ ጣራው ላይ ነው፤ ዕንባው በጆሮው በኩል ይወርዳል።

«አስተካክለዋለሁ» አለ ብሎን። ፊቱ አመድ መስሏል። «ቀስ እንዲል አደርገዋለሁ፣ አንድ ሰዓት ስጪኝ።»

ሦስት ሰዓት ሰጠሁት። ሲያዘገየው ይደነቃቀፋል፣ ሲለቀው ይጋልባል። እኩል አይቆጥርም። የአባዬ ጣት ደግሞ ከእኩል ቆጠራ ሌላ የምታውቀው ነገር የለም።

«አሮጌውን አምጣልኝ» አልኩት።

ሰብሳቢው ዘንድ ሮጠ። ሰውየው ለመዳቡ ሲል እዚያው በመዶሻ ፈረካክሶታል።

«አባቴ ነው እኮ የሚያወራበት» አልኩት ሲመለስ። አልጮህኩም። ብጮህ ይሻለው ነበር። «የኔ አባት ‹ግን› አለህ። ‹ግን› ያለ ሰው ገና እያወራ ነው። አንተ አፉን ዘጋህበት። ውጣልኝ።»

ወጣ። ኪሱ ውስጥ ያሉት ብሎኖች ደረጃውን እስኪጨርስ ተሰሙኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው አላውቅም። እኔ ራሴ ፊደል እየጠራሁ መዳፌን እንዲጫን ሞከርኩ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ለፍተን የወጣው አንድ ቃል ነው፤ «ተይው»። በሌላ ሰው አፍ አላወራም ማለቱ ነው፤ አባቴን አውቀዋለሁ። ከዚያ ወዲያ መዳፌን አልነካም። ምግብም ቀነሰ። በአምስተኛው ቀን ሐኪም መጥቶ ደረቱን አዳመጠና፣ ሳንባው ውሃ እየያዘ ነው አለን። በስምንተኛው ቀን ጣቱ ስትንቀሳቀስ ማየት አቆምኩ። ሥራ ቦታ መስታወት እሰብራለሁ፤ ቤት እገባለሁ፤ ጸጥታው ጆሮዬን ያመኛል። ብሎንን ደግሞ ጠልቼው እንኳ አልወጣልኝም። እወደዋለሁ። አባቴን ያፈነብኝን ሰው እየወደድኩ እኔም አብሬ የማፍነው መሰለኝ።

እሱ በዚያን ጊዜ የት እንደነበር በኋላ ነው የሰማሁት። ያሾፈባቸውን ሰዎች ሁሉ ቤት ለቤት እየዞረ አሮጌ ኮምፒውተራቸውን ሲለምን ነበር። መድኃኒት ቤቱ እምቢ አለው፤ የሕሙማኑ ዝርዝር ሁሉ አሮጌው ማሽን ላይ ነው። አንዱ የልጆቹ ፎቶ አለበት፤ አንዱ ያለዚያ ማተሚያው አይሰማውም። ሁሉም ምክንያት ነበራቸው። ብሎን ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጭ ብሎ ምክንያታቸውን እስከ መጨረሻው ሰማ።

በመጨረሻ የጥልፍ ሴትዮዋ ዘንድ ደረሰ። የእሷ ኮምፒውተር ከአባዬ ኮምፒውተር ጋር የዕድሜ እኩያ ነው።

«‹እማማ፣ ይሄን ቅርስ ይጣሉት› ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«ለስንት ጊዜ ነው የሚፈልጉት ሰውየው?»

«አላውቅም። ያልጨረሱት ነገር አለ።»

ሴትዮዋ የጥልፍ ማሽኗን በጨርቅ ሸፈነች። «መርፌ አለኝ፣ እጅም አለኝ። ውሰድ።»

በአሥራ አንደኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በራችን ተንኳኳ። ከስቶ፣ ጢሙ አድጎ፣ ኮምፒውተሩን በአንሶላ ጠቅልሎ አቅፎ ቆሟል። እኔ ያን ቀን ሱቁ እንደገባሁት። መንገድ ለቀቅኩለት። መሬት ላይ ተንበርክኮ ገመዶቹን ሰካ፤ ገልብጦ ያቆየውን የአባዬን ፕሮግራም ከፈተ። ከዚያ ክፍሉ ውስጥ ያ ድምፅ ተሰማ።

«ጢጥ… ጢጥ… ጢጥ…»

የአባዬ ዓይን ወደ ድምፁ ዞረ። አክስቴ አፏን በመዳፏ ያዘች። ጣቱን ቁልፉ ላይ አስቀመጥኩለት። ቀዝቅዛለች። ለብዙ ጊዜ ምንም አልሆነም። ከዚያ ተጫነ።

ድሮ በደቂቃ የሚወጣው ፊደል አሁን ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ሳጥኑ ያመልጠዋል፤ ዙሩ እስኪመለስ ይጠብቃል። ፀሐይዋ ከመስኮቱ ወደ ግድግዳው ዞረች። የመጀመሪያው ቃል ወጣ።

«ግን»

ካቆመበት ነው የጀመረው። አሥራ አንድ ቀን አፉ ውስጥ ይዞት ኖሯል። ብሎን ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

«ኮምፒውተሬን»

አክስቴ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እኔ እየሳቅኩ ይሁን እያለቀስኩ አላውቅም። ብሎን ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ ፊቱን ጉልበቱ ውስጥ ቀበረ።

«እንዳት»

ጣቱ ቆመች። ትንፋሹ ከበደ። ዓይኑን ከደነ።

«ሁለት ፊደል ነው የቀረው» አለ ብሎን በሹክሹክታ። «አባባ፣ ገብቶኛል። እን…»

«ዝም በል!» አልኩት። «አትጨርስለት።»

ዝም አለ።

አባዬ ሲደክመው ቃሉን ለነገ ማሳደር ልማዱ ነው። ነገ ይጨርሰዋል ብለን ኮምፒውተሩን ሳናጠፋ ተውነው። ጠዋት አክስቴ ፊቱን ልታጥበው ገባች፤ ጥሪዋን ሰምቼ ስደርስ አባዬ በሕይወት አልነበረም። ማሽኑ ብቻውን «ጢጥ… ጢጥ…» ይላል፤ ሁለቱን ፊደል ይጠብቃል።

ብሎንን ለስድስት ወር ዓይኑን ማየት አልቻልኩም። እሱ ግን ሐሙስ ሐሙስ እየመጣ፣ ለአክስቴ ሰላምታ ሰጥቶ፣ ማራገቢያውን አጽድቶ ይሄዳል። መብራት ቢጠፋ ብሎ ባትሪ ገጠመለት። ለጥልፍ ሴትዮዋ የሚሆን ሌላ እኩያ ማሽን ፍለጋ ያልሄደበት የለም፤ በአምስተኛው ወር አግኝቶ ወሰደላት። ሴትዮዋ አንድ ቀን ቤታችን መጥታ ስክሪኑን አነበበችና፣ የኔን እጅ በሁለት እጇ ይዛ ብዙ ቆየች። እሷም ቃሉን አልጨረሰችውም።

አንድ ሐሙስ ማራገቢያውን ሲጠርግ ሻይ አመጣሁለት።

«ልሂድ?» አለኝ ብሎኖቹን በከንፈሩ እንደነከሰ፣ ቀና ሳይል።

«የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር እኮ ጨርሶታል» አልኩት። «‹ልጄን ሰጥቼሃለሁ› ብሎሃል።»

ከከንፈሩ ላይ ብሎኖቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ። ሁለታችንም ተንበርክከን ለቀምናቸው። እጃችን ሲገናኝ እሱ ያለቅሳል፤ እኔም ሐዘኑ ሳይወጣልኝ፣ እየጎዳኝ፣ አቀፍኩት።

ዛሬ አብረን እንኖራለን። ኮምፒውተሩ ጥግ ላይ አለ። ድምፁን ቀንሰነዋል እንጂ አላጠፋነውም። ቤታችን የሚገባ እንግዳ ሁሉ፣ ኮምፒውተር ጠጋኝ ቤት ይሄ ምን ይሠራል ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

«ወንድሜ፣ ይሄን ቅርስ አትጥለውም እንዴ?» አለው ትናንት የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣው ሰውዬ።

«አይሆንም» አለው ባለቤቴ። «ሰው እያወራበት ነው።»

ሰውየው ወደ ስክሪኑ አየና የራሱን ድምፅ ዝቅ አደረገ።