አራት ጣት ከፍታ

የወርቅአገኘሁ ሬሳ ከመንገዱ በታች ነበር፤ ባርኔጣው ግን ከመንገዱ በላይ። የመቶ አለቃ ዘርአ ዳዊት ከደብረ ብርሃን ተጠርቶ አንኮበር ሲደርስ ከሁሉ በፊት ያልተዋጠለት ይኸው ነው። ከመኪና ጋር ገደል የገባ ሰው ባርኔጣው ወደ ላይ አይበርም።

ዘመኑ 1955 ዓ.ም፣ ወሩ መጋቢት፣ ጾሙ ሑዳዴ ነው። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ በሚወርደው መንገድ ላይ ጉሙ ተጠራርጎ ሲነሳ፣ ፒካፑ ሁለተኛው እርከን ላይ በጎኑ ተጋድሞ፣ የጫነው ባቄላ በየጥሻው ተበትኖ ተገኘ። ባለቤቱ ከሱ ዐሥር እርምጃ ያህል ርቆ በግንባሩ ተደፍቷል። ማጅራቱ በአንድ ምት ደቅቋል፤ በጋቢናው ውስጥ ግን የደም ጠብታ እንኳ አልነበረም።

የአገሩ ሰው ፍርዱን ጨርሶ ነበር የጠበቀው። ገዳዩ መካኒኩ ነው አሉ፤ ለምን ቢባሉም መልሱ በእጃቸው ነበር።

ወርቅአገኘሁ የበቅሎ ጭነት ትቶ ፒካፕ የገዛ የአንኮበር ነጋዴ ነው። ወደ አልዩ አምባ በሚያወርደው መንገድ መሐል ከተራራው ጋር የተጣበቀ፣ ቢፈነቅሉት የማይነቃነቅ ጉብ ያለ ድንጋይ አለ፤ «ከልካይ» ይሉታል። የፊት ጎማ እሱን አልፎ ከወዲያ ማዶው ያለው ቦይ ውስጥ ሲገባ የሞተሩ ሆድ ከልካይ ላይ ያርፋል። ወርቅአገኘሁ ግራና ቀኝ ጠፍጣፋ ድንጋይ እየደለደለ ነበር የሚያልፈው። እንዲያም ሆኖ ኮፓ የሚሉትን የሞተሩን ዘይት መያዣ ሁለት ጊዜ አስቀድዷል። በመጨረሻ መኪናውን ከፍ ላስደርግ ብሎ ተነሳ።

ደብረ ብርሃን ላይ ጋራዥ ያለው የአልዩ አምባው ሰው አብዱልጀሊል፣ መኪናውን በተሸከመው ባሌስትራ ላይ ዝርግ ብረት ጨምሬ አራት ጣት ከፍ ላድርግልህ አለው። ወርቅአገኘሁ ስንዝር ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለ። መካኒኩም ስንዝር ከፍ ያለ መኪና ጠመዝማዛው ላይ ይገለበጣል፣ እኔ ደግሞ የሬሳ ሳጥን አልሠራም ብሎ እምቢ አለ። ወርቅአገኘሁ በሰው መሐል እናቱን ጠርቶ ሰድቦት፣ አዲስ አበባ ሄጄ አሠራለሁ ብሎ ወጣ። ይህን ጠብ ያልሰማ ሰው ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር አልነበረም።

እንግዲህ ሰውዬው በሞተበት ጠዋት አብዱልጀሊል እናቱን ሊጠይቅ በዚያው መንገድ በእግሩ ሲወርድ ታየ፤ ባነገተው ከረጢት ውስጥም መዶሻ ተገኘ። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? የፊጥኝ አስረው አስገቡት። ወሬው ደብረ ብርሃን በደረሰ ማግሥት ቤት አከራዩ ሚስቱን ኩብራን ከሁለት ልጆቿ ጋር ሜዳ ላይ ጣላት። ከበላይ የመጣውም ትእዛዝ ፋይሉ በሳምንት ውስጥ ለፍርድ ቤት ይቅረብ የሚል ነበር። ፋይሉ እንዳለ ከቀረበ አብዱልጀሊል ይሰቀላል፤ ይህን ዘርአ ዳዊትም፣ ራሱ አብዱልጀሊልም ያውቁታል።

ዘርአ ዳዊት ጠጉሩ ከግንባሩ የሸሸ፣ ወሬ የማይወድ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ሲዋሽ ሰምቶ ሆዱ የመረረ ሰው ነው። መጀመሪያ ከልካይ ዘንድ ቆሞ መሬት መሬቱን ሲያይ ቆየ። የሞተር ዘይት ድንጋዩ ላይ ተንጠባጥቧል። የተጠራቀመው ግን ከድንጋዩ ሁለት እርምጃ አስቀድሞ ነው። መደልደያ ጠፍጣፋዎቹም ዳር ላይ እንደተከመሩ ናቸው፤ ማንም አልነካቸውም። ሁለት ጊዜ የደረሰበት ሰው ሳይደለድል ሊያልፍ ነበር ማለት ነው?

ወደ እርከኑ ወርዶ መኪናው ሥር ገባ። ኮፓው ተቀድዷል፤ ቀዳዳው ጡጫ የሚያህል ክብ ነው እንጂ ድንጋይ የላጠው አይመስልም። የባሌስትራውን ጭቃ በመዳፉ ሲጠርግ ከዛጉት ብረቶች መካከል አንድ አዲስ ብረት ብልጭ አለ። በሌላውም ጎን እንዲሁ። ዘርአ ዳዊት ልብሱን አራግፎ ወጣ፤ ያየውን ግን ለአንኮበር ፖሊሶች እንኳ አልተነፈሰም።

አብዱልጀሊልን እስር ቤት ሄዶ ብቻውን አነጋገረው።

«መኪናውን ሠርተህለታል አይደል?»

መካኒኩ አንገቱን ደፋ። «ከመሞቱ ሦስት ቀን በፊት ተመልሶ መጣ። 'ያንተን አራት ጣት አድርግልኝ' አለኝ። አደረግሁለት።»

«ታዲያ ለፖሊሶቹ ለምን አልተናገርክም?»

«ከፍ አደረግሁለት ብል፣ ያው አንተ ነህ የገለበጥከው ሊሉኝ? እስቲ እርስዎ በኔ ቦታ ይሁኑ፣ ጌታዬ።»

«ሌላ የሚያውቅ አለ?»

«የሱ ጫኝ ዓወል ብረቱን ይዞልኛል። የወርቅአገኘሁ ሚስትም ሳታውቅ አትቀርም። ለሌላ ለማንም እንዳትናገሩ ብሎ አስጠንቅቆናል።»

«ስንዝር ካልሆነ ሲል የነበረ ሰው ምን አግኝቶት በአራት ጣት ተስማማ?»

አብዱልጀሊል ወደ በሩ ዞር ብሎ አየ። «አደራ ብሎኛል» አለ። «ብናገረውም እኔን አያስፈታኝ። የሞተ ሰው ምስጢር ነው፤ ይተዉኝ።»

የሟች ሚስት ወይዘሮ አስካለማርያም ማቅ ለብሳ ነበር ያነጋገረችው። መካኒኩን ረገመችው፣ ዘሩን ረገመችው፤ ደሙን ካላየሁ አልበላም አልጠጣም አለች። ስለ መኪናው ሲጠይቃት ግን አልዋሸችም። ባሏ ከደብረ ብርሃን እንደተመለሰ አራት ጣት ከፍ እንዳስደረገው ነግሯታል፤ እስከ አልዩ አምባ ገበያ ቀን ለሰው እንዳታወሪ ብሎ እንደ ልጅ ሲፈነድቅ ነበር። ለምን እንደሚደበቅ አልነገራትም፣ እሷም አልጠየቀችም። ዘርአ ዳዊት አሁንም ይህን ለማንም እንዳትናገር አጥብቆ አስጠነቀቃት።

ዓወል በዚያ ጠዋት በመንገዱ ከወረዱት አንዱ ነው። ወርቅአገኘሁ ጆንያ አስበሰብስክ ብሎ በጥፊ መትቶ ካባረረው ገና ሁለት ቀኑ ነበር። ቂሙን አልደበቀም።

«አላለቅስለትም» አለ። «ግን አልነካሁትም፣ ወላሂ።»

«መኪናው ከልካይን ነክቶ ይሆን?»

«ምን ሲደረግ ይነካል! ብረቱን በዚህ እጄ ይዤ ነው የታሰረው። ለከልካይ ተለክቶ የተሠራ ነው እኮ።»

በዚያ ጠዋት በመንገዱ ከወረዱት የቀረው፣ በቅሎዎቹን ይነዳ የነበረው የሟች ታላቅ ወንድም አቶ ገብረአብ ነው። ስድሳውን አልፏል፤ አንድ ዘመን በቅሎ ረግጦት ወገቡ ተጎድቶ ያነክሳል። እናት አባታቸው በኅዳር በሽታ ሲያልቁ ያን ጊዜ ገና ጡት ያልጣለውን ወርቅአገኘሁን በበቅሎ ቅርጫት ይዞ፣ ከቆላ ደጋ እያመላለሰ ያሳደገው እሱ ነው። ዘርአ ዳዊት ሲደርስ ሽማግሌው የበቅሎዎቹን ካስማ በድንጋይ እየቀጠቀጠ መሬት ሲተክል አገኘው።

«ማንንም አትክሰሱ፣ ልጄ» አለ ገብረአብ። «ያ እስላም ምስኪን ሰው ነው፤ ፍቱት። ወንድሜን የገደለው ድንጋዩ ነው።»

«አይተዋል እንዴ?»

«በዚያ ጉም ምን ይታያል? ወደፊት ቀድሜ ነበርኩ፤ ድምፁን ሰማሁ። ያ ከልካይ ሆዱን ሲቀደው፣ መሪው ሲያመልጠው፣ በቃ።»

«ከፍ ቢያስደርገው ኖሮ ይተርፍ ነበር ይላሉ?»

«መካኒኩ እምቢ አለው እንጂ ይተርፍ ነበር። ምን ይደረግ።»

ዘርአ ዳዊት አመስግኖ ወጣ። በሠፈሩ ሲጠያይቅም ሌላ ነገር ሰማ። በጥቅምት፣ አንድ ሠርግ ላይ፣ ወርቅአገኘሁ ሞቅ ብሎት በሕዝብ ፊት ወንድሙን «እነዚህን አጋሰሶች ሽጥና እኔ ዘንድ የጆንያ ዘበኛ ሁን» ብሎት ሰው ሁሉ ስቋል። ገብረአብ ጋቢውን አንስቶ ወጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለቱ ቃል አልተለዋወጡም።

በስድስተኛው ቀን መቶ አለቃው ሁሉንም ከልካይ ዘንድ ሰበሰባቸው። ሚስቲቱ አለች፣ ዓወል አለ፣ አብዱልጀሊል እጁ እንደታሰረ አለ። የመንደሩ ሰው ዳርና ዳር ቆሟል። ጎረምሶች ፒካፑን በገመድ ጎትተው መንገዱ ላይ አቁመውታል፤ መስተዋቱ ረግፏል እንጂ ጎማዎቹ ደህና ናቸው። ዘርአ ዳዊት በዚያ ቀን የተጫነውን ያህል ባቄላ አስጫነበት። ከዚያ የገብረአብን ሁለት በቅሎዎች ለመነው፤ ሽማግሌውም ሳይከራከር ሰጠ።

በቅሎዎቹ ጎተቱት። የፊት ጎማው ከልካይን አልፎ ቦዩ ውስጥ ገባ። የሞተሩ ሆድ ድንጋዩን ሳይነካ አለፈ። መቶ አለቃው አስቁሞ ሁለት ጣቱን በክፍተቱ አሳለፈ።

«ጭነት ተጭኖበት እንኳ ሁለት ጣት ይተርፋል» አለ። «አብዱልጀሊል መኪናውን አራት ጣት ከፍ አድርጎታል። ስንዝር ቢሆን ኖሮ ሁላችሁም ገና ከሩቅ ታዩት ነበር፤ አራት ጣት ግን በጭቃና በጭነት መሐል ዓይን ውስጥ አይገባም። ሟች ያልደለደለውም ለዚህ ነው፤ እንደሚያልፍ ያውቃል። ታዲያ ኮፓውን ማን ቀደደው? ዘይቱ የፈሰሰው ከድንጋዩ በፊት ነው፤ መኪናው ቆሞ ሳለ በመዶሻ ተመትቷል። ባርኔጣው ከመንገዱ በላይ የቀረውም ሰውዬው ከመኪናው ወርዶ፣ እዚሁ ቆሞ ስለተመታ ነው። ገዳዩ ሬሳውን ወደ ገደሉ ገፋው፤ የእጅ ፍሬኑን ሲለቀው መኪናው በቁልቁለቱ ራሱ ሄደ። ከዚያ በድንጋዩ ማሳበብ ብቻ ነው የቀረው።»

«መዶሻ የያዘው እሱ አይደል?» አለች አስካለማርያም ወደ መካኒኩ እያመለከተች።

«እመቤቴ፣ ያስቡት እስቲ። መኪናውን በገዛ እጁ ለከልካይ ለክቶ ያነሳ ሰው፣ ከልካይ ነካው ብሎ ሰው ሊያታልል ይነሳል? ይህን ድንጋይ ሰበብ ያደረገው መኪናው ከፍ ማለቱን ያላወቀ ሰው ነው። በዚያ ጠዋት እዚህ መንገድ ላይ ሦስት ሰዎች ነበሩ። አብዱልጀሊል ያውቃል። ዓወል ያውቃል፤ ብረቱን ይዟል። ሦስተኛው ግን እኔን ራሴን 'መካኒኩ እምቢ አለው እንጂ ይተርፍ ነበር' አለኝ። ድንጋዩ ነው፣ ድንጋዩ ነው ሲለኝ የነበረውም እሱ ብቻ ነው።»

የሁሉም ዓይን ወደ ገብረአብ ዞረ። ሽማግሌው የበቅሎውን ልጓም እንደያዘ ነው።

«አርባ ዓመት በቅሎ የጫኑ ሰው ካስማ በድንጋይ ሲተክሉ ማየት ከበደኝ» አለ ዘርአ ዳዊት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ከካፖርቱ ውስጥ እጀታው ዘይት የጠጣ የካስማ መዶሻ አወጣ። «ፖሊሶቼ ትናንት ከገደሉ ሥር አገኙት። የብረቱ ራስ ከኮፓው ቀዳዳ ጋር ይገጥማል። የርስዎ ነው፣ አቶ ገብረአብ?»

«የኔ ነው» አለ።

ሚስቲቱ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ገብረአብ ሊክድ አልሞከረም፤ እንዲያውም የደከመው ሰው ሸክሙን ሲያወርድ እንደሚሆነው ሆነ።

«በቅሎዎቼን ሳሳልፍ መጥቶ አጠገቤ አቆመ። ወረደ። 'ጋሼ፣ እነዚህን ለሰው ስጥና ግባ፤ ዛሬ አልዩ አምባ የማወርድህ እኔ ነኝ' አለኝ። እየሳቀ። በአምስት ወር የመጀመሪያ ቃሉ እኮ ነው። ደግሞ በገበያተኛ ፊት መሳቂያ ሊያደርገኝ መሰለኝ። ዓይኔ ጨለመ። በሩን ሊከፍትልኝ ሲዞር መታሁት።»

ዘርአ ዳዊት የአብዱልጀሊልን እጅ አስፈታ። መካኒኩ የተላጠ አንጓውን እያሻሸ ትንሽ ቆመ፤ ቀጥሎ ሽማግሌው ፊት ሄደ።

«አቶ ገብረአብ፣ ወንድምዎ ስንዝሩን ለምን እንደተወ መቶ አለቃው ጠይቀውኝ ነበር። አደራ ስለነበረብኝ አልተናገርኩም። አሁን አደራውን የምጠብቅለት ሰው የለም። 'ጋሼን ከጎኔ አስቀምጬ ልወርድ ነው' አለኝ። 'እኔ ብገለበጥ የራሴ ጉዳይ፤ እሱ ግን ወገቡ አይችልም፣ እንዳይንገላታብኝ አራት ጣቱን አድርግልኝ' አለ። ሽማግሌ ልኮ ይቅርታ ለመጠየቅ አፍሮ ነበር። ሳይነግርዎ መጥቶ ሊያስገባዎት ነበር ያሰበው።»

ገብረአብ ልጓሙን ለቀቀው።

«ይህን ለምን ነገርከኝ?» አለ።

«ስድስት ቀን ታሰርኩ። ሚስቴ ከነልጆቿ ሜዳ ወደቀች። እርስዎ 'ፍቱት' አሉ እንጂ 'እኔ ነኝ' አላሉም። ስለዚህ ይወቁት ብዬ ነው።»

መቶ አለቃው መካኒኩን ገና ከጅምሩ ሊያስቆመው ይችል ነበር፤ አላስቆመውም። አስካለማርያም ለመካኒኩ አንድ ነገር ልትል ወደፊት ራመድ አለች፤ እሱ ግን ፊቱን አዙሮባት ከረጢቱን ከፖሊሱ ተቀበለ።

ገብረአብን በፖሊስ መኪና ጭነው ወደ ደብረ ብርሃን ይዘውት ሲወጡ፣ ሽማግሌው ከኋላ ሆኖ ዘርአ ዳዊትን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀው፤ ፍርድ ቤቱ ጨርሶ እስኪሰቅለው ስንት ጊዜ እንደሚወስድ። ዘርአ ዳዊት አልዋሸውም። ከይግባኙ ጋር አንድ ዓመት ሊሞላ እንደሚችል ነገረው።

«አንድ ዓመት ሙሉ» አለ ገብረአብ። «አይ፣ ይህስ ብዙ ነው፣ ልጄ። እንዲፈጥን አድርግልኝ።»