የቁጥር 27 ብልሽት

ባለፈው ወር የወጣቱን የኢብሳን ጆሮ የበሳችው ቁጥር 9 የምትባለው ሞዴል አውሮፕላን ነበረች። ጥይቷ የጤፍ ፍሬ ብታክል ነው፤ ግን ስትተኮስ ትግላለች፣ ሥጋም ትበሳለች። በድሬዳዋ የሞዴል አውሮፕላን ማኅበር ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ወሬ አይሆንም። ጆሮውን በአልኮል ጠረጉለት፣ «እንግዲህ ጉትቻ አድርግበት!» ብለው ሳቁበት፣ ወደ ውጊያቸው ተመለሱ።

ድሮ እነዚህ ሰዎች ሰላማዊ ነበሩ። ፕላስቲኩን በፒንሳ ቆርጠው፣ በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው፣ አጣብቀውና ቀብተው መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡ ነበር፤ በቃ። ትዝታ ፕላስቲክ መጣና ሁሉን ቀየረው። ትዝታ ፕላስቲክ ማለት የእውነተኛው አውሮፕላን የበረራ መዝገብ አብሮ የቀለጠበት ፕላስቲክ ነው። ሞዴሉ ተገጣጥሞ ማጣበቂያው ሲደርቅ፣ እውነተኛው አውሮፕላን መዝገቡ በተያዘበት ቀን ያደረገውን ይደግማል። ዞሮ ከነበረ ይዞራል፣ ገድሎ ከነበረም ይገድላል።

በአሮጌው የባቡር ጋራዥ ውስጥ ሰፊ የአሸዋ ሜዳ አለ። በላዩ ላይ ሙጋ በር የሚባለው የጠረፍ ገበያ ከነዳሱ፣ ከነግመሉ፣ የጥፍር ቁመት ካላቸው ሰዎቹ ጋር ተሠርቷል። ሰዎቹም ሞዴሎቹን ከሚያመርተው ኩባንያ የሚመጡ ናቸው። አውሮፕላን ሲቀርብ ይሮጣሉ፣ ቦንብ ሲወድቅ ይወድቃሉ፤ ሌላ ሥራ የላቸውም። ቀድሞ ሲቆረጡ ውስጣቸው ደረቅ ነበር። አባላቱ «ይሄማ ከእውነት የራቀ ነው» ብለው ስለጻፉ፣ አሁን ሆዳቸው በቀይ ፈሳሽ ይሞላል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!

የዝና ደግፌ በዚያ ሁሉ ግርግር መሃል የምትጠብቀው አንዲት አውሮፕላን ነበረች፤ ቁጥር 27።

ከአርባ ዓመት በፊት፣ በጨው ጦርነት ጊዜ፣ ሁለት አውሮፕላኖች ሙጋ በርን ሊደበድቡ ተነሥተው ነበር። መሪዋን 21ን ሻለቃ ጌጡ ያበር ነበር፤ ተከታይዋን 27ን ደግሞ የየዝና አባት ሻምበል ደግፌ። ሁለቱም አልተመለሱም። ሻለቃ ጌጡ የጠላትን መጋዘን አውድሞ በጠላት ጥይት ወደቀ ተባለና አደባባይ ላይ ሐውልት ቆመለት። ሻምበል ደግፌ ደግሞ መሪውን ጥሎ ሸሸ ተባለ። የዝና «የፈሪ ልጅ» እየተባለች አደገች። በዚህ ስም ትምህርት ቤት ተደብድባለች፣ ሽማግሌ የላከባት ሰው የማን ልጅ እንደሆነች ሲሰማ ቀርቷል። «አባቴ ሲዋጋ እንደ ሞተ በዓይኔ ባየሁና በሞትኩ» ትል ነበር።

ኩባንያው ግን 21ን ብቻ እየደጋገመ ያወጣል። መዝገቡ ስላልተገኘ ሞዴሏ በሰው ወሬ የተሠራች ናት። አንዴ በብርማ ቀለም፣ አንዴ በአረንጓዴ ትመጣለች። «ደግሞ 21? በዓለም ላይ ሌላ አውሮፕላን አልቆ ነው?» ብለው ሁሉም ሲያጉረመርሙ፣ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጋሽ በላቸው ብቻ ደስ ይለዋል። ሻለቃ ጌጡ ታላቅ ወንድሙ ነበር። ጋሽ በላቸው ከሞዴል ክንፍ ላይ ብረት ማያያዣዋ ሪቬት አንዲት እንኳ ከጎደለች ምግብ አይበላም። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላል፣ አጉሊ መነጽሩን እየጠረገ።

በመጨረሻ የሁለቱ አውሮፕላኖች መዝገብ ከጨው ሜዳ ተቆፍሮ ወጣ፤ 21 እና 27 ባለትዝታ ሆነው አብረው ታወጁ። ጋራዡ በእልልታ ቀለጠ። የዝና እንደ ሞዴል ሠሪ ደንብ የ27ን ሳጥን ሁለት ገዛች፤ አንዱን ለመሥራት፣ አንዱን ለመደርደሪያ። ሞዴል ሠሪ የመደርደሪያ ሳጥኑን ከሚሰጥ ጥርሱን ቢያስነቅል ይመርጣል።

«እትዬ የዝና፣ ሌሊቱን አልተኛሽም እኮ» አላት ኢብሳ በበረራው ቀን፣ የቆዳ ሽርጧን እያሰረላት።

«አርባ ዓመት ሙሉ አልተኛሁም። ዛሬ እተኛለሁ» አለችው።

ሁለቱ አውሮፕላኖች ተነሡ። 21 ከፊት፣ 27 ከኋላ ሆነው ጣሪያው ሥር ዞሩና ወደ ገበያው ዝቅ አሉ። ትናንሾቹ ሰዎች መሮጥ ጀመሩ። «በለው!» አለ ጋሽ በላቸው። በዚህ ጊዜ 27 ተኮሰች። የተኮሰችው ግን ገበያው ላይ አልነበረም፤ የ21ን ጅራት ከኋላዋ በጣጠሰችው።

21 ተጠማዝዛ ዞረችና ተናነቁ። የጋለ ጥይት በግድግዳው፣ በጣሪያው፣ በሰዉ ላይ ዘነበ። ኢብሳ ጉንጩን ይዞ ጮኸ፤ በጣቶቹ መሃል ደም ወረደ። ሰዉ እየተረጋገጠ ጠረጴዛ ሥር ገባ። 21 እየነደደች ከገበያው ወዲያ ካለው አሸዋ ላይ ተከሰከሰች። 27ም ሞተሯ ተመትቶ ቆመና እየተንሳፈፈች መጥታ አጠገቧ ወደቀች። ገበያው ላይ አንድም ቦንብ አልወደቀም። ወደ ትናንሾቹ ሰዎች ግን ማንም አላየም።

«ተበላሽቷል! ሞዴሉ ተበላሽቷል!» አሉ ከየጥጉ።

የዝና ፊቷ አመድ መስሎ ወደ አሸዋው ዘለቀች። አባቷ አልሸሸም። ግን ደግሞ... የተቃጠለችውን 27 ልታነሣ እጇን ስትዘረጋ፣ ጋሽ በላቸው መዶሻ ይዞ ደረሰ።

«ወንድሜን! ያውም ከኋላው! እኔ እኮ አባትሽ ፈሪ ብቻ መስሎኝ ነበር!»

«ጋሽ በላቸው፣ ተው!»

«እጅሽን አንሺ!»

አላነሣችም። መዶሻው ወረደ። የሁለት ጣቶቿ አጥንት ሲሰበር በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል ተሰማ። ሊደግም ሲል ኢብሳ ደም በደም እንደሆነ በግንባሩ ደረቱን ገጨው፤ ተያይዘው ወደቁ። የገላጋዩ ክርን የአንዱን ጥርስ አወለቀ። የፈሰሰው ደምና የተሰበረው አጥንት የሰው ሆኖ ሳለ፣ ሁሉም የሚጮኸው ስለ ፕላስቲክ ነበር።

በሌሎች ከተሞች ያሉ ማኅበሮችም ሞከሩት፤ ውጤቱ ያው ሆነ። ታዲያ በቀለም ድምቀት የሚጣሉት፣ ስለ አንዲት ሪቬት ሦስት ገጽ የሚጽፉት እነዚያ ሁሉ አዋቂዎች ባንድ አፍ «ብልሽት ነው፣ ይታረምልን» አሉ። ኩባንያው የደንበኛ ቃል አይጥልም። የታረሙትን 21 እና 27 ልኮ፣ የቀድሞዎቹ እንዲመለሱለት ጠየቀ።

ጋሽ በላቸው የታረመችውን 27 ገጣጥሞ የየዝና ግቢ ድረስ ይዞላት መጣ። እጇ በጀሶ ታስሯል።

«ስለ እጅሽ ይቅር በይኝ፤ ሰይጣን አሳስቶኝ ነው» አላት። «አሁን ግን ይህን እይልኝ።»

አውሮፕላኗ ከፓፓያው ዛፍ በላይ ወጣች፣ ዞረች፣ አፍንጫዋን ደፍታ ቦንቦቿን አራገፈች። ቦንቦቹ መሬት ስትጭር የነበረችውን ዶሮ መሃል ለመሃል አገኟት። ላባና ደም ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። አውሮፕላኗ ጭስ እየተፋች ጥቂት ከበረረች በኋላ ቀጥ ብላ መሬት ላይ ተሰካች።

«አየሽ? ጠላት መትቶት፣ ሥራውን ጨርሶ፣ ከወንድሜ ጎን ነው የሚወድቀው። ሐውልቱ ላይ ስሙ እንዲጨመር አመልክቻለሁ። ካሁን ወዲያ የፈሪ ልጅ የሚልሽ የለም። አንቺ ብቻ የታረሙት አውሮፕላኖች ጋራዡ ውስጥ በሚመረቁበት ቀን ፊት ለፊት ቁሚና፣ የመጀመሪያው ብልሽት ነበር በይ።»

የዝና አለቀሰች። ከደስታ ነው፤ ምን ያስዋሻል! አርባ ዓመት የተራበችውን ነው ያጎረሳት። ከዚያ ዶሮዋን አየቻት። አልሞተችም፤ በቀረቻት አንድ ክንፍ መሬቱን እየመታች ትዞራለች። የዝና በአንድ እጇ ልትገላግላት ሞክራ አቃታት።

«ጋሽ በላቸው፣ እባክህ አንተ ገላግልልኝ።»

ፊቱን አዞረ። «እኔ እንኳ ደም ማየት አልወድም» አላት።

የምርቃቱ ቀን ጋራዡ ጢም ብሎ ሞላ። የሐውልት ኮሚቴው ሳይቀር መጥቷል። የዝና ሽርጧን አጥልቃ፣ 27ን አቅፋ ገባች። ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። ጋሽ በላቸው አቅፎ ሳማት። የያዘችው ግን የታረመችውን አልነበረም፤ የመደርደሪያ ሳጥኗን ከፍታ፣ በተሰበረው እጇ ፈንታ ኢብሳ እያጣበቀላት፣ ያችኑ የመጀመሪያዋን 27 ሠርታለች።

አውሮፕላኖቹ ተነሡ፤ ዝቅ አሉ። ትናንሾቹ ሰዎች መሮጥ ጀመሩ። 27 ተኮሰች። የታረመችው 21 ከኋላ መመታትን የሚያውቅ ትዝታ ስላልነበራት፣ መልስ እንኳ ሳትሰጥ እየነደደች ወደቀች። 27ንም የነካት የለም። ቢሆንም ከአርባ ዓመት በፊት በተመታችበት ቅጽበት ሞተሯ በራሱ ቆመ፤ ተንሳፍፋ መጥታ አሸዋው ላይ ተጋደመች።

«ይቺ ከሃዲ!» አለ አንድ ድምፅ። መነጽርና ጠርሙስ ተወረወረ። አንዱ ጠርሙስ የየዝናን ቅንድብ ፈነከተው። ጋሽ በላቸው መዶሻውን አንሥቶ ሰዉን እየገፈተረ መጣ። የዝና በ27 ላይ ተደፋች። ደሙ ዓይኗ ውስጥ እየገባ፣ ደህነኛውን እጇን አሸዋው ላይ ዘረጋችለት።

«በል፣ ይቺም አለችልህ። አባቴ ወንድምህን ገድሏል፤ አልክድም። ይህንን ሁሉ ገበያተኛ ግን አልገደለም!»

መዶሻው ወደ ላይ ወጣ።

«ቆይ! ቆይ ጋሼ!» ብሎ ጮኸ ኢብሳ። «ሰዎቹን እዩአቸው!»

ሁሉም ወደ ገበያው ዞረ። ትናንሾቹ ሰዎች መሮጣቸውን አቁመዋል። በየዳሱ በር፣ በግመሎቹ መሃል ቆመው ሁሉም ቀና ብለው ያያሉ። አንዲት ሴት ልጇን እንዳቀፈች፣ አንድ እግሯን ለሩጫ እንዳነሣች ቀርታለች። ሪቬቱ ሁሉ ተቆጥሯል፣ የደሙ ቀለም ሳይቀር ታርሟል፤ ቦንብ ሳይወድቅ ሲቀር ገበያተኛ ምን እንደሚያደርግ ግን ለኩባንያው የጻፈ ሰው አልነበረም።

ጫጫታው ቀስ በቀስ በረደ።

«ምን እየጠበቁ ነው?» አለ ጋሽ በላቸው፣ መዶሻውን ሳያወርድ።