የባሉኩ ጫማ ጠፍር

ባሉኩ የሞተው በረዶው ላይ እንዳልሆነ ኢንስፔክተር ካቡጎ ያወቀችው ገና ሬሳውን እንዳየች ነው። ሽማግሌው መንገድ መሪ በኡጋንዳና በኮንጎ ድንበር ባለው የርዌንዞሪ ተራራ የበረዶ ግግር ጫፍ ላይ በጀርባው ተዘርግቷል። በረዶ የሚረገጥባቸው ባለ ጥርስ ብረቶች ከጫማው ሥር በጠፍር ታስረዋል። የኋላ ጭንቅላቱ ቁስል ውስጥ ግን የረግረግ ጭቃ አለ። እዚህ ላይ ጭቃ ለመድኃኒት ቢፈለግ አይገኝም።

«የሞተው ታች ነው» አለች። «ሰው እዚህ አምጥቶ፣ ብረቱን ጫማው ላይ አስሮለት፣ ወድቆ የሞተ አስመስሎታል።»

«ሰውየው ይኸው!» አለ ቀያሹ ሴምፓላ፣ ወደ ወጥ ሠሪው ወደ ቴምቦ እየጠቆመ። የቴምቦን እጅ በሴምፓላ ትእዛዝ ያሰረው ሁለተኛው መንገድ መሪ ማሴሬካ ነው። ሴምፓላ ቀጠለ፤ «ማታ ባሉኩን ‹ብታሳየው እገድልሃለሁ› ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«ምኑን ቢያሳይዎት?»

«በሩን ነዋ! በሁለቱ የተራራ ጫፎች መሃል የነበረው በረዶ ቀልጦ ወደ ኮንጎ የሚያሳልፍ በር ተከፍቷል። እኔ ድንበሩን ለክቼ ካርታ ላይ ላነሳ ነው ከካምፓላ የመጣሁት። ካርታው ላይ ከገባ ወታደር ይሰፍርበታል።»

«ይዘጋላ።»

«ይዘጋል እንጂ!»

ካቡጎ ከተራራው ሕዝብ ከባኮንዞ ናት፤ ድንበሩ የእሷንም ዘመዶች ለሁለት የከፈለ ነው። ከማዶ ጦርነት አለ፤ ሰው በዚያ በር እንደሚያመልጥ ተራራው ላይ የማያውቅ የለም።

«ባሉኩ ለምን ሊያሳይዎት ፈለገ?»

«‹የበረዶው ስንጥቅ ውስጥ እየወደቁ ስንት ሕፃናት አለቁ፤ ወታደር ካለ ሰው መሞከሩን ይተዋል› ይል ነበር።»

ቴምቦ ማልቀስ ጀመረ። «እህቴ፣ ብዬዋለሁ፤ አልክድሽም። አክስቴ በዚያ በር ነው ነፍሷ የተረፈው። ግን እኔ ከአፌ ሌላ ምን አለኝ? ዶሮ እንኳ የማሳርደው በሰው ነው። ታች ከወሰዱኝ እንደታሰርኩ ነው የምቀረው።»

«ዶሮ የማያርድ ወጥ ሠሪ!» አለ ሴምፓላ።

ካቡጎ ጎንበስ ብላ የሬሳውን እግር አየች። ሁለቱም የጠፍር ጫፎች ወደ ሟቹ ግራ ተጎትተው ጠብቀዋል። «ማሴሬካ፣ ባሉኩ ግራኝ ነበር?»

«ኧረ ቀኝ ነው። እኔን ያሳደገኝ እሱ ነው፤ አውቀዋለሁ» አለ ማሴሬካ፤ ቀና ብሎ ግን አላያትም።

ወደ መጠለያው ጎጆ ወርደው ሦስቱንም ሰበሰበች። መጀመሪያ የቴምቦን ገመድ ፈትታ «እስቲ ይህን ብረት እሰርልኝ» አለችው። ቴምቦ ብረቱን አገላብጦ የፊቱን ጥርስ ወደ ተረከዟ አደረገው።

«አቶ ሴምፓላ፣ እርስዎ ደግሞ የራስዎን ያድርጉ።»

ሴምፓላ ቁጭ አለና፣ ልማድ ሆኖበት፣ እግሩን ወደ ማሴሬካ ዘረጋ። ማሴሬካም ልማድ ሆኖበት ተንበርክኮ አሰረለት። የጠፍሩ ጫፍ ወደ ሴምፓላ ግራ ሄደ።

«በቃ» አለች ካቡጎ። «ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው ለራሱ ሲያስር ጠፍሩን ወደ ቀኙ ይስባል። ፊት ለፊት ተንበርክኮ ለሌላ ሰው ሲያስር ግን ያው ቀኝ እጁ ወደዚያኛው ሰው ግራ ይስበዋል። የባሉኩ ሁለቱም ወደ ግራው ናቸው፤ ያሰረለት ሌላ ሰው ነው። ቴምቦ የብረቱን ፊትና ኋላ አይለይም። አቶ ሴምፓላ እግር ከመዘርጋት ሌላ አያውቁም። እዚህ በየቀኑ ተንበርክኮ የሰው ጫማ የሚያስር አንድ ሰው ነው።»

ማሴሬካ ከተንበረከከበት አልተነሳም።

«ለመንኩት» አለ። «‹እስከ ዛሬ ብቻ ታገሠኝ› አልኩት። እምቢ ሲለኝ ገፋሁት፤ ረግረጉ ውስጥ ካለው ድንጋይ ላይ ወደቀ። ሚስቴና ልጄ ከማዶ ናቸው። ዛሬ ይሻገራሉ። ስንጥቆቹን የሚያውቅ ከእሱና ከእኔ በቀር የለም።»

«እኔን ልታሳስረኝ ነበር?» አለ ቴምቦ።

«እነሱ እስኪሻገሩ ብቻ። ከዚያ እናገር ነበር፣ ወንድሜ።»

ቴምቦ ፊቱን አዞረበት።

«ታዲያ በሩን ካርታ ላይ ላንሳው?» አለ ሴምፓላ።

«የሚያሳይዎት ሰው ሞቷል፤ ሌላው እስረኛዬ ነው» አለች ካቡጎ። የቴምቦን ገመድ አንስታ አንዱን ጫፍ በማሴሬካ ወገብ፣ ሌላውን በራሷ ወገብ አሰረች። በረዶ ላይ የሚሄዱ ሁለት ሰዎች እንዲሁ ነው የሚታሰሩት። «አንተ ትመራኛለህ፤ እኔ እይዝሃለሁ። ሲሻገሩ አብረን እንወርዳለን፤ እነሱ ወደ ሰፈር፣ አንተ ወደ እስር ቤት።»

ከዚያ ተቀምጣ እግሯን ዘረጋች። ማሴሬካ እንባው እየወረደ ተንበርክኮ ብረቱን አስተካከለ፤ ጠፍሩንም ወደ ግራዋ ስቦ አጠበቀ።

«ጠበቀ?» አላት።

«ጠብቋል። እንሂድ፣ ልጅህ ስንጥቁ ጋ ሳትደርስ።»