ያልተቀየረው ውሃ

ተቅዋ ከሬሳው ይልቅ የፈራችው ሶኬቱን ነበር።

አባቷ አብዱላሂ በትልቁ የዓሣ ገንዳ ሥር ተዘርግቷል፤ ቀኝ እጁ እስከ ክርኑ እርጥብ ነው። የገንዳው መብራት ገመድ ተልጦ ውሃው ውስጥ ገብቷል፣ ሶኬቱም ከግድግዳው አልተነቀለም። ከጎኑ ሁለት ሙሉ ባልዲና አንድ ደረቅ የጎማ ቱቦ ተቀምጠዋል። ላየው ሰው ነገሩ ግልጽ ነው፤ ሰውየው የዓሣዎቹን ውሃ ሊቀይር ሲል ኤሌክትሪክ ገደለው። ውሃ ሲቀየር ደግሞ ሶኬቱን መንቀል የተቅዋ ሥራ ነበር።

ኢንስፔክተር ጅብሪል ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው የጅቡቲ ከተማ ሰፈር ካለው ከዚህ ቤት ሲደርስ ገና ማለዳ ነው፤ ሙቀቱ ግን ከፀሐይዋ ቀድሟል። ድሬዳዋ ያደገ ሶማሌ ስለሆነ አማርኛው አይታማም። ወፍራምና ዝግተኛ ነው፤ ሰዎች ሞኝ ሲመስላቸው ደስ ይለዋል።

«እስቲ ንገሪኝ ልጄ» አላት።

የተቅዋ ጥርሶች በዚያ ሙቀት ይንገጫገጫሉ። «አባ ትናንት ‹በማለዳ ውሃ እንቀይራለን› ብሎኝ ነበር። ማራገቢያው ቆሞ ሙቀቱ ቀሰቀሰኝ። ትንሽ ቆይቶ ‹ተቅዋ!› ብሎ ሲጠራኝ ሰማሁ። ለሶኬቱ ነው የጠራኝ። እኔ ግን ተገላብጬ ተኛሁ። ወላሂ፣ እንቅልፍ አሸነፈኝ! ገደልኩት!»

«አይዞሽ» አለ ከጀርባዋ አንድ ድምፅ።

ተቅዋ ጮኸች። ሬሳው የተናገረ መስሏት ነበር። የተናገረው ግን አጎቷ ሙሰዲቅ ነው፤ የሁለቱ ወንድማማቾች ድምፅ ቁርጥ አንድ ነው። ሙሰዲቅ የወንድሙን ሱቅ እረከባለሁ ብሎ ሰሞኑን ከድሬዳዋ መጣ፤ አብዱላሂ ግን የሱቁን ቁልፍ ለልጁ ለተቅዋ ሰጠ።

ጅብሪል ሙሰዲቅን ለብቻው ወደ ግቢ አወጣው።

«አትፍረዱባት» አለ ሙሰዲቅ እንባውን እየጠረገ። «ልጅ ናት፣ ትዘነጋለች። አላህ የጻፈው ነው።»

«እርስዎ ውሃው ሲቀየር አይተው ያውቃሉ?»

«እንዴታ! ከመጣሁ ጀምሮ ወንድሜን የማግዘው እኔ አይደለሁም እንዴ?»

ሦስተኛው ሰው ቸሩ የአዲስ አበባ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ጭነቱ ከወደብ እስኪለቀቅ እንደ ልማዱ በዚሁ ቤት የእንግዳ ክፍል አድሯል። በሰው አገር ወንጀል ይለጠፍብኛል ብሎ ፈርቶ ላቡ ይንቆረቆራል።

«ጌታዬ፣ እኔ ለዓሣዎቹ የባሕር ውሃ ከማምጣት በቀር የማውቀው የለም። ከከተማው ራቅ ብዬ ነው የምቀዳው፤ የወደቡ ውሃ ዘይት አለው። ትናንትም አምጥቻለሁ፣ ያውልዎት።»

ጅብሪል ግቢው ውስጥ ያለውን ሰማያዊ በርሜል ከፈተ። እስከ አፉ ሙሉ ነው። ወደ ቤት ተመልሶ መብራት የሚቆርጠው ብሬከር መውረዱን አየ፤ እንደወረደም ተወው። ከባልዲዎቹ ውሃ በጣቱ ቀመሰ። ገንዳው ላይ የተሰመረውን የውሃ መጠን ምልክት ሲያይም ውሃው ልክ ምልክቱ ላይ ነው።

ሬሳው ከተነሣ በኋላ ሦስቱንም ገንዳው ፊት ሰበሰባቸው። በሩ ላይ ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል። ማንም ማንንም አያይም፤ ከመካከላቸው አንዱ ነፍሰ ገዳይ ሊሆን እንደሚችል ሁሉም ገብቷቸዋል። የገንዳው የአየር ፓምፕ በመቆሙ ዓሣዎቹ ወደ ውሃው ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ።

«እነዚህ ከመሞታቸው በፊት ውሃ እንቀይርላቸው» አለ ጅብሪል ባዶ ባልዲ እየዘረጋ። «አቶ ሙሰዲቅ፣ እርስዎ ልምዱ አለዎት። ውሃ ያምጡልን።»

ሙሰዲቅ ባልዲውን ይዞ ወጣ። ወዲያው ከወጥ ቤት የቧንቧ ድምፅ ተሰማ። ቸሩ አፉን ሊከፍት ሲል ጅብሪል በእጁ ዝም አሰኘው። ሙሰዲቅ ተመልሶ ባልዲውን ወደ ገንዳው አነሣ።

«አጎቴ፣ ተው! የቧንቧ ነው፣ ይገላቸዋል!» ብላ ተቅዋ እጁን ያዘች።

«የጅቡቲ ቧንቧ ሁሉ ጨው ጨው ይል የለ እንዴ? ምን ልዩነት አለው?»

«ልዩነቱማ ትልቅ ነው» አለ ጅብሪል። «የቧንቧችን ጨው ሻይ ያበላሻል እንጂ የባሕር ዓሣ አያኖርም። ሟቹ ይህን ያውቃል፣ ተቅዋ ታውቃለች፣ ቸሩ ባሕሩን ራሱ ነው የሚያመጣው። ከሬሳው ጎን የነበሩትን ባልዲዎች ግን ቀምሻቸዋለሁ፤ የቧንቧ ናቸው። ደግሞ ውሃ የሚቀይር ሰው መጀመሪያ አሮጌውን ይቀንሳል። ገንዳው ምልክቱ ድረስ ሙሉ ነው፣ ቱቦው ደረቅ ነው፣ በርሜሉም አልተነካም። ዛሬ እዚህ ቤት ውሃ መቀየር አልተጀመረም።»

«ታዲያ እጁ ለምን ረጠበ?» አለ ቸሩ።

ተቅዋ በሹክሹክታ መለሰች። «ማለዳ ማለዳ በእጁ ይመግባቸዋል።»

«እጁን ሲያስገባ፣ ገመዱን አስቀድሞ የላጠው ሰው ውሃው ውስጥ ጣለበት። ባልዲዎቹን ያመጣቸው ከዚያ በኋላ ነው፤ ጥፋቱ በልጅቷ እንዲሳበብ። እሷ ከታሰረች የሱቁ ቁልፍ ለማን ይተርፋል?»

ሙሰዲቅ ሳቀ። «አባቷ እንደጠራት ራሷ ተናግራለች! ለውሃው ካልሆነ ለምን ጠራት?»

ጅብሪል ወደ ተቅዋ ዞረ። «ልጄ፣ ማራገቢያው የቆመው ከጥሪው በፊት ነው በኋላ?»

«በፊት። ሙቀቱ ነው የቀሰ...»

«ማራገቢያው የቆመው ገመዱ ውሃ ነክቶ ብሬከሩ ስለወረደ ነው። አንቺ ስትነቂ አባትሽ ወድቋል። የጠራሽ እሱ አይደለም፤ ጥፋቱ የአንቺ እንዲመስልሽ በእሱ ድምፅ የጠራሽ ሌላ ነው።»

ተቅዋ ቀስ ብላ ወደ አጎቷ ዞረች። ቸሩ በመሐላቸው ገብቶ ቆመ። ባልዲው ከሙሰዲቅ እጅ ወድቆ ውሃው ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ ግቢው መሐል ቆሞ መለመን ጀመረ። «ተቅዋ! ተቅዋ!»

በአባቷ ድምፅ ነው የሚጠራት። ተቅዋ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። መኪናው እስኪሄድ ጠብቃ፣ መብራት እንደሌለ እያወቀች፣ ሶኬቱን ነቀለች። ከዚያ ከሰማያዊው በርሜል ልትቀዳ ባልዲ አነሣች።