የኑሬ ጥርስ

«እስቲ ጠይቅልኝ» አለች ዶክተሯ በእንግሊዝኛ፣ ትንሿን የራጅ ፊልም ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋ እንደያዘች። «በልጇ የሕክምና ካርድ ሌላ ሰው ታክሞ ያውቃል?»

አቡዘር ወደ አክስቱ ወደ ቀመሪያ ዞረ። አክስቱ ከደሴ ከመጣች ገና ሦስት ቀኗ ነው። ደሴ ላይ በክርክር የሚያሸንፋት ከእናቱ አልተወለደም ይባላል፤ ናይሮቢ ላይ ግን ከአሥራ አምስት ዓመቱ የወንድሟ ልጅ በቀር አንደበት አልነበራትም።

«ውሃ ትፈልጊ እንደሆነ ነው የጠየቀችሽ» አላት አቡዘር።

ቀመሪያ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። «አልፈልግም በላት፣ የኔ ጌታ።»

«የለም ብላለች» አለ አቡዘር፣ ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሣ።

ዶክተሯ ሥራዋ የሞቱ ሰዎችን በጥርሳቸው መለየት ነው። ለአረፋ ወደ አገር ቤት ሲሄድ የነበረው የቀመሪያ ልጅ ኑሬ የተሳፈረበት አውቶቡስ ከኢሲዮሎ ከተማ ወዲያ ተቃጥሏል። ዶክተሯ ቁጥር አሥራ አንድ የምትለው አስከሬን በዕድሜም በቁመትም ከኑሬ ጋር ይገጥማል፤ የፊት ጥርሱም እንደ ኑሬ ፍንጭት ነው። ነገር ግን ከክሊኒክ የመጣው፣ የኑሬ ስም ያለበት ፊልም ላይ አንዱ የታች ግራ መንጋጋ ተሞልቷል። የቁጥር አሥራ አንድ መንጋጋ ግን አንድም ሙሌት የለውም።

«የተሞላ ጥርስ ተመልሶ እንደ ተፈጥሮው አይሆንም» አለች ዶክተሯ። «ይህ ልጅ የሷ ልጅ አይደለም።»

ይህችን አቡዘር አንድ ቃል ሳያጎድል ተረጎመ።

ቀመሪያ እልልታዋን አቀለጠችው። የቆሙበት ሬሳ ቤት ከተሠራ ጀምሮ እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቶ አያውቅም። ዘበኛው ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረው፣ ግቢው ዛፍ ላይ የሰፈሩት አባ ኮዳ የሚባሉ ትልልቅ ወፎች በሙሉ ተነሥተው የናይሮቢን ሰማይ አጨለሙት፣ እስከ ደሴ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ዶክተሯን አቀፈቻት። አቡዘርን ግንባሩን ሳመችው። «አንተ የኔ አንደበት፣ አላህ ያሳድግህ» አለችው። ግንባሩ እሳት የነካው ያህል ፈጀው።

ሲወጡ ዶክተሯ አቡዘርን ብቻ ወደ ኋላ አስቀረችው። «ፖሌ፣ ይቅርታ፣ አድክሜሃለሁ። የዚህ ልጅ እናትም እንዲህ እየፈለገችው ይሆናል። የሚጠይቀው ካልመጣ ያለ ስም ይቀበራል።» ይህችን አልተረጎማትም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ባለፈው ዓመት አቡዘር ትምህርት ቤት ውስጥ የሶዳ ቆርኪ በጥርሱ በመክፈት ስሙ ገኖ ነበር። በአንድ የምሳ ሰዓት ሃምሳ ጠርሙስ ከፍቷል ይባል ነበር። ዘጠኝ ነው፤ ሃምሳ ያደረገው ራሱ ነው። በዘጠነኛው መንጋጋው ተሰነጠቀ። አባቱ ቢሰማ የቀረውንም ጥርስ ያራግፍለት ነበር። ያኔ የመሥሪያ ቤት የሕክምና ካርድ የነበረው አብሯቸው የሚኖረው ኑሬ ብቻ ነበር።

«ሂድ፣ ኑሬ ነኝ በል» አለው ኑሬ እየሳቀ። «መልካችን እንደሆነ አንድ ነው። ዕድሜህን ሲጠይቁህ ብቻ ድምፅህን ወፈር አርገው፣ ብሮ።»

አቡዘርም እንደ ሸንጎ ዳኛ አጎርንኖ «አሥራ ዘጠኝ» አለ፣ ራጅ ተነሣ፣ መንጋጋውን አስሞላ፣ ማታ ኑሬ ያንን ድምፅ እያስደገመው እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ከሁለቱ በቀር ያወቀ የለም። አሁን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ቀመሪያ ኢስትሊ ሰፈር አውቶቡስ መናኸሪያ ቆማለች። መንገድ ላይ ያሉትን ሆስፒታሎች አንድ በአንድ ልትፈትሽ ነው፤ አቡዘር ደግሞ አስተርጓሚዋ። ለኑሬ ሸሚዝና ሱሪ ገዝታለች።

«ልብሱ ተቃጥሎበት አፍሮ ተደብቆ ይሆናል» አለችው። «ወፍሮ ይሆን? ሱሪው ይበቃዋል ትላለህ?»

«እኔ እንጃ፣ አክስቴ።»

«አንተ ደግሞ ዛሬ ምን ሆነሃል? ደስ አላለህም?»

አቡዘር በየሆስፒታሉ በር ቆሞ «ኑሬ የሚባል ልጅ መጥቷል?» ብሎ ሲጠይቅ ታየው። አክስቱ ዓይን ዓይኑን ስታይ፣ እሱ «የለም» ሲል፣ ሻንጣውን አንሥተው ወደ ቀጣዩ ሲሄዱ። ኑሬ ደግሞ ማንም ሳያጥበው፣ ማንም ሳይሰግድበት፣ በቁጥር ተጠርቶ ሲቀበር።

ለዶክተሯ ስልክ ደውሎ መናገር ይችላል። እንግሊዝኛው ይቀላል፤ በእንግሊዝኛ ቢያፍር እንኳ የሌላ ሰው ኀፍረት ይመስለዋል። ግን ከዚያ በኋላ ዶክተሯ አክስቱን ትጠራታለች፣ በእንግሊዝኛ ትነግራታለች። መሐል ቆሞ የሚተረጉመውም ያው እሱ ነው።

«ሃራካ፣ ሃራካ!» ብሎ አጣደፋቸው ረዳቱ፣ የመኪናውን ጎን እየደበደበ። የቀመሪያን ሻንጣ ጣሪያ ላይ ለመስቀል አነሣው።

አቡዘር ሻንጣውን ከእጁ ተቀበለው። «እኛ አንሄድም» አለው በስዋሂሊ።

«ምን አልከው?» አለች ቀመሪያ።

«አንሄድም አልኩት።»

«ለምን?»

መኪናው ተነሥቶ አቧራውን ለቀቀባቸው። አቡዘር ሻንጣውን ከአንድ የተዘጋ ሱቅ ደጃፍ አስቀመጠና፣ አክስቱን ክንዷን ይዞ ደረጃው ላይ አስቀመጣት። እሱ ከፊቷ ቁጢጥ አለ።

«አክስቴ» አለ። «ስለ ኑሬ ካርድ ልነግርሽ ነው።»