ግማሽ የተሰነጠቀው ግንድ

ጣውላ ሰንጣቂው በገዛ ግቢው፣ በገዛ ግንዱ ሥር ተደፍቶ ተገኘ። ግንዱ ከመደገፊያው ተንከባሎ ጀርባው ላይ ወድቋል። አዲሱ ሞተር መጋዝ ከጎኑ ሣሩ ላይ ጋደም ብሏል። ግንዱ ከራሱ እስከ ወገቡ ተሰንጥቆ፣ ግማሹ ገና ጣውላ ሳይሆን፣ ግማሹ ደግሞ ከእንግዲህ ግንድ ላይባል፣ እንዲያው ቀርቷል።

የጣቢያው አዛዥ ከመኪናው ሳይወርድ ፍርዱን ጨርሶ ነበር።

«የሥራ አደጋ ነው» አለ። ጥቂት አሰበና አሻሻለው። «ግንዱን የደገፈው ማነው? እሱ በቸልተኝነት ይጠየቃል።»

ግንዱን የደገፈው የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው። አናጺ ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ ግንዱን በሁለት ወራጆች ላይ አጋድሞ እንዳይንከባለል ግራና ቀኝ ሽብልቅ የመታበት እሱ ነበር። አሁን ከግቢው በር አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ መዳፎቹን ያያል። የሟቹ ሚስት ቤት አላስገባ ብላዋለች። «በእጅህ ነው የቀበርከው፤ ለቅሶውንም ደጅ ሆነህ አልቅስ» ብላው ገባች። እሱ ግን አላለቀሰም። ወንድሙን የገደለ ሰው ማልቀስ ይፈቀድለት እንደሆነ አላወቀም።

መርማሪዋ የመጣችው በእግሯ ነው። በጣቢያው «መርፌ» ይሏታል፤ ፊት ለፊቷ ሲሆን ስለ ቅጥነቷ፣ ከጀርባዋ ሲሆን ስለ ምላሷ።

«አደጋ ነው ብለሃል አሉ።»

«ምን ይሁን ታዲያ? ግንድ ተንከባለለ፣ ሰው ገደለ። ግንዱን ልክሰስ?»

«ጠይቀኸዋል?»

«እህቴ፣ አትቀልጂብኝ።»

«እኔ መች ቀለድኩ?» አለችና ተንበረከከች።

አደጋ የሚለው ቃል የሰነፍ ትራስ ነው፤ ራሱን ያሳረፈበት ሁሉ ወዲያው እንቅልፍ ይወስደዋል። ስንት ሬሳ በዚህ ቃል ተገንዞ እንደተቀበረ የሚያውቀው አፈር ብቻ ነው። መርፌ ይህን ቃል ስትሰማ ደሟ ይፈላ ነበር። ሲፈላ ግን አትጮህም፤ ቀረብ ብላ ታያለች።

የሟቹን እጅጌ አየች። ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ንጹሕ ነው። ፀጉሩን በጣቷ ገለጥ አደረገች። ከማጅራቱ ከፍ ብሎ ክብ ቁስል አለ፤ ፀጉሩ ላይ ከደሙ በቀር ምንም የለም። ከግንዱ ሥር ግን እንደ ዱቄት የላመ ሰጋቱራ ተከምሯል። ወደ መጋዙ ዞረች። ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅም ብረት፣ ሰንጣቂዎች ባር የሚሉት፣ ቀጥ እንዳለ ነው፤ ሰንሰለቱ ግን ከባሩ ሥር እንደ ላላ መቀነት ተንዘላዝሏል። በመጨረሻ ሁለቱን ሽብልቆች ከሣር ውስጥ ፈልጋ አገኘቻቸው። ቀጭኑን ጫፋቸውን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችና ኪሷ ከተተቻቸው።

ከዚያ ወደ ድንጋዩ ሄዳ ከአናጺው አጠገብ ተቀመጠች።

«ሽብልቁን በምን መታኸው?»

«በመዶሻ። እዚያው ነው የተውኩት።»

«በየትኛው በኩል?»

«በወፍራሙ ነዋ። ሽብልቅ በሌላ በየት ይመታል?» አለና መዳፉን እያየ፣ «አንድ ምት ልጨምር ብዬ ነበር። ጋሼ 'ይበቃል፣ ዝሆን አናስርበት' ብሎ ሳቀብኝ። ተውኩት» አለ።

«ዛሬ ጠዋት የት ነበርክ?»

«ሰው ቤት የበር መዝጊያ ስገጥም። ባለቤቶቹ አሉ፣ ጠይቂያቸው። ግን ምን ይሠራል? እኔ የገደልኩት ትናንት ነው።»

የሟቹ ሚስት በጓዳ ልብስ ታጥፋለች፤ የባሏን ሸሚዝ አጥፋ ትጨርስና መልሳ ትዘረጋዋለች።

«ጠዋት ምን ሰሙ?» አለቻት መርማሪዋ።

«መጋዙን ሰማሁ። ጮኸ፣ ጮኸና ቆመ።»

«ከዚያስ?»

«ልብስ አጥቤ ጨረስኩ። ቆየት ብሎ ግንዱ ሲወድቅ ሰማሁ። ጣውላ ያራግፋል ብዬ አልወጣሁም።» እጇ ሸሚዙ ላይ ቆመ። «ብወጣ ኖሮ...»

«መጋዙ ቆሞ፣ ከዚያ ቆይቶ ነው ግንዱ የወደቀው?»

«ነገርኩሽ እኮ።»

«አብሮት ሰው ነበር?»

«ማን ይኖራል? እስከ ትናንት ከአጋሩ ጋር ነበር የሚሰነጥቀው። አዲሱ መጋዝ ስለመጣ ከዛሬ ጀምሮ ብቻውን ነው።»

አዲሱን መጋዝ የሸጠለት የመሣሪያ ሻጭ ሱቅ የዘይትና የአዲስ ላስቲክ ሽታ አለው። ሻጩ ወፍራም፣ ወሬ የሚወድ ሰው ነው፤ ገዢ በሌለበት ቀን ለመደርደሪያው የሚያወራ ይመስላል።

«ሰው ሁሉ ከባር ርዝመት ይጀምራል» አላት። «ስህተት ነው። መጀመሪያ ግንዱን ለካ፤ ከዚያ ያንን ርዝመት የሚጎትት ሞተር ፈልግ። ረጅም ባር ለደካማ ሞተር ማለት ጥጃ ጠምዶ ማረስ ነው። ሰንሰለቱም የመሰንጠቂያ ይሁን። ለመቁረጥ የተሞረደ ጥርስ ግንድ በቁመቱ ልሰንጥቅ ቢል ሞተሩን ያቃጥላል እንጂ ጣውላ አያወጣም።»

«ሰንሰለት ለምን ይላላል?»

«ወይ አርጅቶ ነው፤ ወይ ባለቤቱ ዐዋቂ ነው። ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ያጠብቁታል። ሥራ ጨርሰው ካላላሉት፣ ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና የሞተሩን ዘንግ ይጎትታል። ይህን ለገዢ ሁሉ እነግራለሁ። 'እሺ እሺ' ይሉኛል፤ በወሩ ዘንጉን ታቅፈው ይመጣሉ።»

«አንተስ ታላላለህ?»

«እኔ ሻጭ ነኝ፣ እህቴ። ሰጋቱራ ያስነጥሰኛል። ዛሬም ከንጋት ጀምሮ እቃ ሳራግፍ ነው የዋልኩት፤ ጎረቤቶቼን ጠይቂ።»

«ሟቹ አዲስ መጋዝ ለምን ፈለገ?»

ሻጩ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አሮጌው ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ሞተሩን፣ ሌላው የባሩን ጫፍ እጀታ ይዞ ፊት ለፊት ይቆማል። አዲሱን አንድ ሰው ግንዱ ላይ በተጋደመ ሐዲድ ይገፋዋል። 'የአጋሬ እጅ መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ አንድ ቀን ባሩ እግሩ ላይ ያርፋል። ካሁን በኋላ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሰንሰለት ይሞርድልኝ' አለኝ።»

«ለአጋሩ ነግሮታል?»

«እነሱ ይነጋገራሉ እንዴ? ዕድሜ ልካቸውን ጆሯቸውን ሸፍነው የኖሩ ናቸው።»

አጋሩ የሚኖረው በአንዲት ክፍል ነው። መስኮቱ ላይ እርጥብ ካፖርት ተሰጥቷል። በግድግዳው ላይ ሰንሰለቶች ዘይት ተቀብተው በምስማር በምስማር ተሰቅለዋል፤ ፎቶግራፍ የለም። ካለችው አንዲት ወንበር ላይ የአሮጌው መጋዝ ባር በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ እሱ መሬት ላይ ነው። ሽማግሌ ነው ለማለት ገና ነው፤ እጁን ግን በጉልበቶቹ መሐል ይደብቃል።

«ጋሼ፣ ዛሬ ጠዋት የት ነበሩ?»

«እዚህ።»

«ያየዎት ሰው አለ?»

«እኔን ማን ያየኛል?»

«ከሟቹ ጋር ምን ታወሩ ነበር?»

«ምን ይወራል? እሱ ዝቅ ሲል ዝቅ እላለሁ፤ ሲገፋ እገፋለሁ። እሱ ሚስት ሳያገባ ጀምሮ እንዲያ ነው። ቀና ስል ፊቱ ነው ያለው።» ግድግዳውን አየ። «ሰው ቀና ሲል የሚያየው ፊት ያስፈልገዋል።»

«አዲሱን መጋዝ እንዴት አዩት?»

«መጋዝ ነው» አለ። ሌላ አልጨመረም።

በማግስቱ አዛዡ አናጺውን ሊያስር መጣ። መርማሪዋ ግን ቀድማ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰብስባቸዋለች፤ ሚስቲቱን፣ አናጺውን፣ ሻጩን፣ አጋሩን። ሻጩ ከሱቁ የአዲሱን መጋዝ መንትያ አምጥቶ ሰንሰለቱን አጥብቋል።

«አንድ ነገር ልይ» አለች። «እናንተ ሦስት ወንዶች፣ በየተራ ከዚህ ግንዲላ ትንሽ ሰንጥቁልኝ። ከዚያ መጋዙን አስቀምጡ።»

«ይሄ ምንድን ነው፣ የመጋዝ ትምህርት ቤት?» አለ አዛዡ።

«ተመዝገብ፤ ቦታ አለ።»

አናጺው ሰነጠቀ፤ አጥፍቶ መሬት ላይ አኖረውና ወደ ቦታው ተመለሰ። ሻጩ ሦስት ጊዜ አስነጥሶ፣ መጋዙን እንደ ሌላ ሰው ሕፃን በጥንቃቄ አስቀምጦ፣ ሸሚዙን አራገፈ። ተራው ወደ አጋሩ ሲደርስ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሞተሩ ሲነሣ ግን መንቀጥቀጡ በመጋዙ ንዝረት ውስጥ ጠፋ፤ ሰውየው ቀና አለ፣ ትከሻው ሰፋ። ባሩ በእንጨቱ ውስጥ ያለ ድካም ሄደ። አጠፋው። ጎንበስ ብሎ አስቀመጠው። ከኪሱ መፍቻ አወጣ፤ ብሎኖቹን ፈታ፣ ሰንሰለቱን አላላ፤ ከባሩ ሥር ተንዘላዘለ። መፍቻውን መልሶ ኪሱ ከተተና ቀና አለ። ሁሉም ያዩታል።

ለምን እንደሚያዩት የገባው ቀስ ብሎ ነው።

«ሟቹ ያንን ግንድ አልሰነጠቀም» አለች መርማሪዋ። «ተመልከቱ እነዚህን ሰዎች። አንድ ስንዝር ሳይሰነጥቁ እጅጌያቸው፣ ቅንድባቸው ዱቄት ሆኗል። ሟቹ ግማሽ ግንድ ሰነጠቀ ተባለ፤ እጅጌው ንጹሕ ነበር፣ ፀጉሩም። ከማጅራቱ ከፍ ብሎ ያለው ክብ ቁስልም የመዶሻ እንጂ የግንድ አይደለም። ስለዚህ የሰነጠቀው ሌላ ሰው ነው፤ እሱ ከሞተ በኋላ።»

«ግንዱስ?» አለ አዛዡ።

«መጋዙ ከቆመ በኋላ ቆይቶ እንደወደቀ የሟቹ ባለቤት በጆሯቸው ሰምተዋል። እየተሰነጠቀ ተንከባሎ ቢሆን ባሩ በውስጡ ተይዞ ይጣመም ነበር። ባሩ ቀጥ ያለ ነው። አንድ ሰው መጋዙን አውጥቶ፣ በደህና ቦታ አስቀምጦ፣ ከዚያ ነው ግንዱን የለቀቀው።» ወደ አዛዡ ዞረች። «አንተ አደጋ ብለህ ትራስህን ስታመቻች፣ ገዳዩ መጋዙ እንዳይጎዳ ሲጨነቅ ነበር። ከዚያም ሰንሰለቱን አላላው። ይህን የሚያደርገው ማነው? ሻጩ ለሰው ይናገራል እንጂ ራሱ አያደርገውም። አናጺው አያውቀውም። ሳያስቡት እጃቸው ይህን የሚያደርግ ሰዎች ሁለት ነበሩ። አንዱ ሞቷል።»

አጋሩ እጁን አየ። እንደ ሌላ ሰው እጅ አየው።

«ካፖርቴን አጠብኩ» አለ። «ስለ ሰጋቱራው። ሰንሰለቱን ግን... ይጎዳ ነበር።»

«ለሰው ያልራራ እጅ ለብረት ራራ» አለ አዛዡ፤ ማንም አልሰማውም።

«ሟቹ ምን አለዎት?» አለች መርማሪዋ።

«'ከዛሬ ጀምሮ አትልፋ' አለኝ። ፈገግ ብሎ። ዕድሜዬን ሁሉ ፊት ለፊቱ ቆሜ፣ አትልፋ። ወዴት ልሂድ? ይህንን ልጠይቀው ፈልጌ ነበር። ዞር ሲል መዶሻው እዚያ ነበር።»

«ጥላ ሥር ተቀምጠው ሰንሰለት እንዲሞርዱለት ነበር ያሰበው። እጅዎ እንደሚንቀጠቀጥ አይቷል። ለእግርዎ ሰግቶ ነው።»

ሰውየው ወደ ሻጩ ዞረ። ሻጩ ለማረጋገጥ አንገቱን ነቀነቀ።

«ለምን አልነገረኝም?»

«እርስዎስ ለምን አልጠየቁትም?» አለች የሟቹ ሚስት። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢኖር ይሻል ነበር።

አዛዡ ክንዱን ይዞ ወሰደው። ሲወጣ አጋሩ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ አየ፤ ወደ ሰው ግን አልነበረም።

አናጺው ከቦታው አልተነቃነቀም። መርማሪዋ ልትሄድ ስትል ጠራት።

«ሽብልቁስ?»

ከኪሷ አውጥታ ሰጠችው። ቀጭኑ ጫፍ ተጨፍልቆ፣ እንጨቱ ተፈልጧል።

«በዚህ በኩል ነው የተመታው» አለች። «እንዲወጣ። ራሱ የሾለከ ሽብልቅ ጫፉ አይጨፈለቅም።»

«ችሎ ነበር ማለት ነው?»

«ችሎ ነበር። በመዶሻ እስኪነቀል ድረስ ይዞ ነበር።»

አናጺው ሽብልቁን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። ከዚያ ሰጋቱራው ላይ ተቀመጠ፤ ከትናንት ጀምሮ ያልመጣለት ለቅሶ መጣ። እንደ ልጅ «ጋሼ፣ ጋሼ» እያለ አለቀሰ።

የወንድሙ ሚስት ከበረንዳው ወርዳ አጠገቡ ቆመች። ከትከሻው ላይ ሰጋቱራ አራገፈችለት።

«እዚህ አታልቅስ፣ የኔ ወንድም» አለችው። «ቤቱ ባዶ ነው። ገብተህ አብረን እናልቅስ።»